እርከኑ ጅረቱን አጥርቶታል? በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የመሬት አያያዝ በውሃ ላይ ያመጣውን ለውጥ መለካት

ጥር ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ከሚወርድ ጅረት በብርጭቆ የተቀዳ ውሃ ለዓይን ከታሸገ ውሃ አይለይም። ያው ጅረት ሐምሌ ላይ የጠላ አተላ ይመስላል። ሁለቱን ብርጭቆዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «የተፋሰስ ሥራው ውጤት አመጣ» ወይም «አላመጣም» ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የታየው የወቅት ልዩነት ነው። ገበሬው በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ቁልቁለቱን ሲቆፍርና ካብ ሲክብ ይሰነብታል። ሪፖርት ላይ የሚሰፍረው ግን የተሠራው እርከን ርዝመት ነው፤ ጅረቱ ይዞት የሚወርደው አፈር መቀነስ አለመቀነሱን የሚጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው ይመለስ ከተባለ መለኪያው ቀላል አይደለም፤ ከአንድ ቀበሌ አቅም በላይም አይደለም።

የቱ ጅረት ይለካ?

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቦታ መረጣ ነው። የቦርከና ወንዝ ለመንገድ ቅርብ ስለሆነና ድልድይም ስላለው መለኪያ ለማቆም ያጓጓል። ነገር ግን ቦርከና የደሴን ከተማ ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ የፋብሪካና የሌላ ከተማ ፍሳሽ ይጨመርበታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጨፋ ላይ በተቀዳ ውሃ ውስጥ የአንድ ቀበሌ እርከን ያመጣውን ለውጥ መፈለግ፣ በገበያ መሐል የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው።

የመሬት አያያዝን ውጤት የሚያሳየው ከላይ፣ ከምንጩ አቅራቢያ ያለ ትንሽ ተፋሰስ ነው፤ ከ50 እስከ 200 ሄክታር ይበቃል። 50 ሄክታር ማለት 200 ጥማድ ያህል ነውና ማን ምን እንደዘራ፣ ማን መቼ እንዳረሰ፣ የትኛው ካብ እንደፈረሰ በእግር ዞሮ መመዝገብ ይቻላል። ከደሴ ብዙ የማይርቀው የማይባር የምርምር ጣቢያ የተመሠረተው በዚሁ መጠን ነው። ከ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ዝናብ፣ ፍሰትና ደለል ሲለካበት የቆየው ተፋሰስ ስፋቱ 113 ሄክታር ገደማ ሲሆን ውሃው ወደ ማይባር ሐይቅ ይወርዳል።

የመለኪያው ነጥብ ከብት ከሚጠጣበት፣ ልብስ ከሚታጠብበትና ሰው ከሚሻገርበት ቦታ በላይ ይሁን። ሃምሳ በሬ ያደፈረሰው ውሃ የማሳው ውጤት ሆኖ እንዳይመዘገብ ነው።

አንድ ጅረት ብቻውን አይናገርም

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው ልኬት የሚበላሸውም እዚሁ ነው። አንድ ጅረት ከእርከኑ በፊትና በኋላ ቢለካ የሚገኘው ልዩነት ከእርከኑም ከዝናቡም የመጣ ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ የሚነግር ነገር የለም። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታም ጅረቶች ያስፈልጋሉ፤ ተዳፋታቸው፣ አፈራቸው፣ ሰብላቸውና ፊታቸውን ያዞሩበት አቅጣጫ የተቀራረበ። አንዱ ይሠራበታል፣ ሌላው እንዳለ ይቆያል። ሁለተኛውን ማነጻጸሪያ እንበለው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተፈጠሩ ናቸው። በመጀመሪያው ክረምት የሚሠራበት ተፋሰስ በሄክታር 20 ቶን፣ ማነጻጸሪያው 18 ቶን ደለል አወረዱ። በጥር እርከን ተሠራ። በቀጣዩ ክረምት የተሠራበት 12 ቶን አወረደ። ከ20 ወደ 12፣ 40 በመቶ ቅናሽ! ይህ በስብሰባ ላይ ያስጨበጭባል። ማነጻጸሪያው ግን ምንም ሳይሠራበት ከ18 ወደ 9 ወርዷል፤ ዝናቡ ደከም ብሎ ነበር። የተሠራበት ተፋሰስ እርከን ባይኖረውም ኖሮ ከ20 ወደ 10 ይወርድ ነበር ማለት ነው። የተገኘው 12 ስለሆነ ሁኔታው ከተጠበቀው በ20 በመቶ ብሷል። በመጀመሪያው ዓመት ይህ አያስደንቅም፤ ካብ ሲካብ የተቆፈረው አዲስ አፈር ገና አልረጋም፣ በቅጡ ያልተያዘ እርከንም ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ሲሰበር ቦረቦር ይከፍታል።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ጅረቶች ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ክረምት አብረው ይለኩ። በእኛ አገር ይህ ምክር ጆሮ አያገኝም፤ ዘመቻው ዘንድሮ ነው፣ ማን ሦስት ዓመት ይጠብቃል? ጊዜው ካመለጠ ሁለተኛው አማራጭ አምስት ወይም ስድስት ትናንሽ ጅረቶችን መርጦ፣ ከመሬታቸው ስንት በመቶው እንደተሠራበት መዝግቦ፣ በአንድ ዓይነት ዝናብ ማወዳደር ነው። ይህ ከፊተኛው ይደክማል፤ አንዱን ጅረት ብቻ ከመለካት ግን እጅግ ይሻላል።

በተራራማ አገር ዝናብ ከሸንተረር ሸንተረር ስለሚለያይ በየተፋሰሱ አንድ የዝናብ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ቢቻል ሁለት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በ100 ሄክታር ላይ የወረደ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 30,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንዱ ተፋሰስ ያንን አግኝቶ ሌላው ጥላ ብቻ ካገኘ የዕለቱ ንጽጽር ዋጋ የለውም።

ፍሰቱን ሳይለኩ ድፍርስነቱን መለካት

በሊትር ስንት ግራም አፈር እንዳለ ማወቅ ግማሽ መልስ ነው። ቀሪው ግማሽ በሴኮንድ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ነው። ሁለቱ ሲባዙ ጅረቱ የተሸከመው ጭነት ይገኛል።

በበጋ ፍሰቱ ቀጭን ሲሆን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንገቱ ተቆርጦ ይሞላል፤ እስኪሞላ የፈጀው ጊዜ በሰዓት ይያዛል። በ8 ሴኮንድ ከሞላ ፍሰቱ በሴኮንድ 2.5 ሊትር ነው። አምስት ጊዜ ተሞልቶ አማካዩ ይወሰድ።

ከዚያ ከፍ ሲል አናቱ በ«V» ቅርጽ በ90 ዲግሪ የተቆረጠ የላሜራ ግድብ ጥሩ ነው። የውሃው ከፍታ ከማዕዘኑ ጫፍ ጀምሮ በሜትር ይለካና በ2.5 ኃይል ከፍ ተደርጎ በ1.38 ሲባዛ ፍሰቱን በሜትር ኩብ በሴኮንድ ይሰጣል። ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 4.4 ሊትር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 24.7 ሊትር በሴኮንድ ይሆናል። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ከአምስት ተኩል ጊዜ በላይ አደገ ማለት ነው። በዚህ የተነሣ ትንሽ የንባብ ስህተት ትልቅ ይሆናል፤ 10ን 11 ብሎ ያነበበ ሰው ፍሰቱን በ27 በመቶ አጋንኗል። ከፍታው ላሜራው ላይ አይነበብም፤ ውሃው ሊወድቅ ሲል እዚያ ይጎብጣል። የሚነበበው ከላሜራው ወደኋላ፣ ከትልቁ ከፍታ ቢያንስ አራት እጥፍ ርቆ በተተከለ ሜትር ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ስለት ይሁን፤ ውሃውም ከላሜራው በታች አየር አግኝቶ በነፃ ይውደቅ።

ይህ ግድብ የምንጭ ውሃ ወዳጅ እንጂ የወሎ ጎርፍ ወዳጅ አይደለም። አንድ የሐምሌ ጎርፍ ኋላውን በጠጠር ይሞላዋል፣ ሁለተኛው ይነቅለዋል። ለጎርፍ የሚሻለው ዳርና ታቹ አለት የሆነ፣ ቀጥ ያለ፣ በየዓመቱ ቅርጹ የማይለወጥ ቦታ መርጦ በሴንቲ ሜትር የተቀለመ የውሃ ከፍታ መለኪያ መትከል ነው። ፍሰቱ በተለያየ ከፍታ ይለካና ከፍታን ከፍሰት የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ከትልቅ ጎርፍ በኋላ ታቹ ተሞልቶ ወይም ተቦርቡሮ እንደሆነ ገመድ ተዘርግቶ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ጥልቀቱ ተለክቶ ይረጋገጣል፤ ተለውጦ ከተገኘ የአምናው ሠንጠረዥ ለዘንድሮ አይሠራም።

በጎርፍ ጊዜ ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ፤ የሚንከባለለው ድንጋይ አይታይም። ፍጥነቱ የሚለካው በተንሳፋፊ ነው፤ ሎሚ ወይም ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ የተዘጋ ሃይላንድ ይሆናል። 10 ሜትር በ8 ሴኮንድ ከሄደ የገጹ ፍጥነት በሴኮንድ 1.25 ሜትር ነው። የታችኛው ውሃ ግን ከገጹ ስለሚዘገይ ድንጋያማና ጥልቀት በሌለው ጅረት በ0.7 አካባቢ፣ ለስላሳና ጥልቅ በሆነ ቦይ በ0.85 ይባዛል። ወርዱ 2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 0.6 ሲባዛ በ0.875፣ ማለትም በሴኮንድ 525 ሊትር ያህል ነው። ይህን ማባዣ የሚረሳ ሰው ጎርፉን ያለ አግባብ ያገዝፈዋል።

ጎርፉ ሲመጣ እዚያ መገኘት

ናሙና በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ይወሰድ የሚል መርሐ ግብር ለቢሮ ይመቻል። ለጅረት ግን አይሠራም። ምክንያቱ ይኸው፦ በበጋ ጅረቱ በሴኮንድ 3 ሊትር ሲፈስ በሊትር 0.02 ግራም አፈር ቢይዝ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ያወርዳል። በክረምት በሴኮንድ 120 ሊትር ሲፈስ በሊትር 8 ግራም ቢይዝ በሴኮንድ 960 ግራም፣ በአንድ ሰዓት 3.5 ቶን ያህል ያወርዳል። የአንድ ሰዓቱ ጎርፍ የበጋው ጅረት በ667 ቀናት ገደማ የሚያወርደውን አወረደ። ማክሰኞ ጠዋት ይህን አያየውም።

ከዚህ የሚከተለው ናሙና ቀጂው ከጅረቱ ዳር የሚኖር ሰው መሆን እንዳለበት ነው። ደመወዙም በጠርሙስ ብዛት ባይታሰብ ይመረጣል፤ በጠርሙስ ከታሰበ ጎርፍ ባልመጣበት ቀንም ጠርሙሱ ይሞላል።

ውሃው መደፍረስ እንደጀመረ የመጀመሪያው ናሙና ይቀዳል፤ ከዚያ በየ10 ደቂቃው ጎርፉ ጫፉ ላይ ደርሶ እስኪቀንስ፣ ከቀነሰ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃው እስኪጠራ። በትንንሽ ተፋሰሶች ብዙ ጊዜ ደለሉ ከውሃው ቀድሞ ይበዛል። ዝናብ መትቶ ያላቀቀውን አፈር የመጀመሪያው ውሃ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ውሃው ጫፉ ላይ ሲደርስ ድፍርስነቱ መቀነስ ጀምሯል። ዝናቡ እስኪያባራ ቤት ተጠልሎ የወጣ ቀጂ የሚያመጣው የጅራቱን ውሃ ነው። ይህን ቢሰጥ ማንኛውም ተፋሰስ የዳነ ይመስላል።

አቀዳዱም ሥርዓት አለው። ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ አፉን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙሮ፣ ከፈጣኑ መሐል፣ ታቹን ሳይነካ ይጠለቃል። ከሞላ በኋላ ውሃ እያለፈበት ከቆየ ከባዱ አሸዋ እየገባ ይቀራል፣ ውሃው ብቻ ይወጣል፤ ውጤቱ ከእውነቱ ይበልጣል። ስለዚህ ጥቂት ጎደል እንዳለ ይነሣ። ከታች የሚንከባለለው ጠጠርና ድንጋይ በጠርሙስ አይያዝም፤ የጠርሙሱ ቁጥር ተንሳፋፊውን ደለል ብቻ እንደሚያሳይ ሪፖርቱ ላይ መጻፍ ይገባል።

ለሌሊት ጎርፍ ሁለት ርካሽ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ጠርሙሶችን በተለያየ ከፍታ በእንጨት ላይ አስሮ፣ በክዳናቸው ሁለት ቱቦ ማስገባት ነው፤ አንዱ ውሃ ያስገባል፣ ሌላው አየር ያስወጣል። ውሃው ሲወጣ በየደረጃው ይሞላሉ፤ የሚይዙት የመውጫውን እንጂ የመውረጃውን ጎርፍ አይደለም። ሁለተኛው ከታች የተበሳ ቱቦ ውስጥ እንጨት አቁሞ የተፈጨ ከሰል መጨመር ነው። ከሰሉ ከውሃው ጋር ተንሳፎ ጎርፉ የደረሰበት ጫፍ ላይ ከእንጨቱ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጠዋት ተነቦ ይጠረጋል።

ሰዓትና ቀን

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስንት የድካም መረጃ የሚያበላሸው ግን ይህ ነው። ቀጂው «ከቀኑ 9 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። አውቶማቲክ መለኪያው ያንኑ ሰዓት 15 ብሎ መዝግቦታል። ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ሰው 9ን እንዳለ ከጻፈው ጎርፉ ከዝናቡ ስድስት ሰዓት ቀድሞ መጣ ማለት ነው። ቀኑም እንዲሁ፤ ሐምሌ 12 በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ነው። ቅጹ ላይ አንዱ አቆጣጠር ተመርጦ ከላይ በጉልህ ይጻፍ። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በዝናብ ይታጠባል።

ቤተ ሙከራ

የደለል ናሙና ታጋሽ ነው፤ ጨለማ ቦታ ተቀምጦ በሳምንትም ቢሄድ ችግር የለበትም። ማጣሪያው ወረቀት በ105 ዲግሪ ደርቆ ይመዘናል፣ ውሃው ይጣራበታል፣ እንደገና በ105 ዲግሪ ደርቆ ይመዘናል፤ ልዩነቱ አፈሩ ነው። ከምድጃ የወጣ ወረቀት በክረምት አየር ላይ ከተቀመጠ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት መምጠጫ ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ። የጎርፍ ናሙና ለመመዘን 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ይበቃል፣ ለበጋው ንጹሕ ውሃ ግን አይበቃም።

ለባክቴሪያና ለማዳበሪያ ቅሪት የሚቀዳው ናሙና ግን ቸኳይ ነው። የኢ ኮላይ (ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ) ናሙና በተቀቀለ ንጹሕ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በበረዶ ሣጥን ከብርሃን ተከልሎ፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራ ቢደርስ ይመረጣል፤ ከ24 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ለፎስፌት የሚሆን ጠርሙስ በዱቄት ሳሙና አይታጠብ፤ ሳሙናው ራሱ ፎስፌት ሊኖረው ይችላል። ከየ10 ናሙናው አንዱ በድግም ይቀዳ፤ አንድ ጠርሙስ ደግሞ የተጣራ ውሃ ተሞልቶ አብሮ ይሂድ። የተጣራው ውሃ ናይትሬት ካሳየ ጥፋቱ የጅረቱ አይደለም።

ናይትሬት ሲነበብ ቁጥሩ በናይትሬት ነው ወይስ በናይትሮጅን የተገለጸው ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር የሚለው በናይትሬት ነው፤ በናይትሮጅን ሲገለጽ 11 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 4.4 እጥፍ ያህል ነው። ባለ 12 የናይትሮጅን ንባብ ይዞ «ከ50 በታች ነን» ያለ ሰው ያልጠራ ውሃ አጥርቷል።

እርከን የሚይዘውና የማይዘው

ፎስፈረስ አፈር ላይ ተጣብቆ ይጓዛል። እርከኑ አፈሩን ካስቀረ ፎስፈረሱም አብሮ ይቀራል። ናይትሬት ግን ውሃ ውስጥ ሟምቶ ይሄዳል። ጥሩ እርከን ውሃውን ወደ መሬት ስለሚያሰርገው፣ ማሳው ላይ የተረፈ ናይትሬት ካለ ከታች ባለው ምንጭ ሊወጣ ይችላል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ከሰብሉ የተረፈው የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ በዚያው ተፋሰስ ደለሉ ቀንሶ የምንጩ ናይትሬት ቢጨምር መለኪያው ተበላሸ ተብሎ አይጣል። ዩሪያ የተበተነበት ቀንና የማሳው ስፋት ተመዝግቦ ከሆነ ምክንያቱን ማግኘት ይቻላል፤ ካልተመዘገበ መገመት ብቻ ነው።

ኢ ኮላይን የሚቀንሰው በዋናነት ከብቱን ከጅረቱ ዳር ማራቅ ነው። ተከልሎ ሣሩ እየታጨደ የሚወሰድበት ዳገትና የመጠጫ ገንዳ ያለው መንደር ከእርከን ይልቅ በዚህ ቁጥር ላይ ለውጥ ያያል።

ቁጥሩ ከተሰበሰበ በኋላ

ባለ ካሬ ወረቀት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጎርፍ የማነጻጸሪያው ጭነት በአግድም፣ የሚሠራበት ተፋሰስ ጭነት በቁም ይቀመጣል፤ ትልልቆቹ ጎርፎች ትንንሾቹን እንዳይውጡ መጠኑ በሎጋሪዝም (1፣ 10፣ 100 እያለ በእኩል ርቀት በሚያድግ ልክ) ይሁን። ከሥራው በፊት ያሉት ነጥቦች በሰማያዊ፣ በኋላ ያሉት በቀይ። በሰማያዊዎቹ መሐል መስመር ይሰመራል። ቀዮቹ በብዛት ከመስመሩ በታች ካረፉ የተሠራው ሥራ ሠርቷል፤ መስመሩ ላይ ከተበተኑ ገና ነው። ከእያንዳንዱ ዘመን ቢያንስ ሃያ ጎርፍ ካልተያዘ መፍረድ ችኮላ ነው። ወሩም ይታይ፤ ማሳው ታርሶ ራቁቱን ባለበት በሰኔና በሐምሌ የመጣ ጎርፍ፣ ሰብሉ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ከመጣ የነሐሴ መጨረሻ ጎርፍ ጋር አይወዳደርም።

ቀዮቹ ነጥቦች ሁለትና ሦስት ዓመት አልወርድ ካሉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቦረቦሩ ነው። ከማሳው የሚመጣው አፈር ቆሞ እንኳ ጅረቱ ከቦረቦሩ ግድግዳና ከራሱ ዳር ቆርሶ ይሸከማል። ይህን ለማወቅ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፌሮ ከክረምት በፊት በቦረቦሩ ግድግዳ ላይ በየ5 ሜትሩ አግድም ይቀበቀባል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወጥቶ እንዲታይ። መስከረም ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ከተገኘ ግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ሄዷል። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ቦረቦር በሁለት ግድግዳው በአማካይ 10 ሴንቲ ሜትር ካጣ 60 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ በሜትር ኩብ 1.3 ቶን ቢመዝን 78 ቶን። ይህ ቁጥር በመውጫው ላይ ከተለካው ደለል ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚመጣው ጥር ጉልበት ወደ ዳገቱ እርከን ይሂድ ወይስ ወደ ቦረቦሩ ክትር የሚለው ክርክር በግምት አይካሄድም።